የካንዴላ እሳትና የሚኒሞ ታሪክ

የቤንዚን ሞተር የሚኖረው በሦስት ነገር ነው፦ በነዳጅ፣ በአየርና በእሳት። ነዳጁ ወይም አየሩ ትንሽ ቢዛነፍ ሞተሩ እየተነጫነጨም ቢሆን ይሠራል። እሳቱ በሰዓቱ ካልደረሰ ግን ያ ሲሊንደር ለዚያ ዙር ምንም ጉልበት አይሰጥም። ጉድለቱ ጎልቶ የሚሰማው ብዙውን ጊዜ ሚኒሞ ላይ ነው፤ እግር ከነዳጅ መስጫው ተነስቶ ሞተሩ በራሱ ዝቅተኛ ዙር ሲዞር። በዚያ ሰዓት የአየር በሩ ሊዘጋ ጥቂት ስለሚቀረው ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው ድብልቅ ትንሽ ነው፤ ካለፈው ዙር የተረፈ የተቃጠለ ጋዝም ይቀላቀለዋል። እንዲህ ያለውን ድብልቅ መለኮስ አስቸጋሪ ነው። ሞተሩም በዝግታ ስለሚዞር አንዱ ሲሊንደር የሳተውን ሌላው እስኪተካ ድረስ ያለው ክፍተት እስከ መሪውና እስከ ወንበሩ ይሰማል። የትራፊክ መብራት ላይ ቆሞ የሚንቀጠቀጥ መኪና የሚናገረው ይህንኑ ነው። ሰዎች ይህን ንግግር ለመረዳት ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ለፍተዋል። ታሪኩን ከጅምሩ ልንገራችሁ፤ ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1860 ኤትየን ሌኗር ፓሪስ ውስጥ በጋዝ የሚሠራ ሞተር ሠርቶ በኤሌክትሪክ ብልጭታ አቀጣጠለ። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ በዘመኑ የነበሩት ባትሪና ሽቦ ግን አስተማማኝ አልነበሩም። ስለዚህም ጎትሊብ ዳይምለርና ቪልሄልም ማይባኽ በ1880ዎቹ ሌላ መንገድ መረጡ። አንድ ጫፉ ወደ ሲሊንደሩ የገባ ቱቦ ከውጭ በነበልባል እየጋለ ድብልቁን እንዲለኩስ አደረጉ። ሞተሩ ሠራላቸው፤ እሳቱ መቼ እንደሚነሳ ግን በትክክል ማዘዝ አልተቻለም። ነዳጅ በተሸከመ ሠረገላ ላይ የሚነድ ነበልባል ይዞ መጓዝ ምን ያህል አደገኛ እንደነበረም መገመት አያዳግትም።

ካርል ቤንዝ ኤሌክትሪኩን አልተወውም። በጥር 29 ቀን 1886 የባለቤትነት ማረጋገጫ የጠየቀባት ባለ ሦስት ጎማ መኪና አንድ ሲሊንደር ብቻ ነበራት። ጉልበቷ አንድ የፈረስ ጉልበት እንኳ አይሞላም፤ በደቂቃም 400 ዙር ያህል ትዞር ነበር። ከመኪናዋ ክፍሎች ሁሉ ቤንዝን እጅግ ያስቸገረው ይኸው የማቀጣጠሉ ሥራ ነበር።

ሁለት ዓመት አለፈ። በነሐሴ 1888 ባለቤቱ ቤርታ ቤንዝ ለባሏ ሳትነግር ሁለቱን ወንዶች ልጆቿን፣ ኦይገንንና ሪቻርድን፣ ይዛ ከማንሃይም ወደ ፎርትስሃይም ተነሳች። መንገዱ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ በመኪና እንዲህ ርቆ የተጓዘ ሰው አልነበረም። ነዳጅ ሲያልቅባት ቪስሎኽ ከተባለችው ከተማ ፋርማሲ ሊግሮይን የተባለ ፈሳሽ ገዛች። የነዳጁ መስመር ሲደፈን በባርኔጣዋ መርፌ ከፈተችው። የማቀጣጠያው ሽቦ ሽፋኑ ተገፎ ብረት ሲነካባት ደግሞ የካልሲዋን ማሰሪያ ጠቅልላ ከለለችው። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ለድፍረቷ ሲባል ነው፤ ድፍረቷም ይገባዋል። እኔ ግን ይበልጥ የምደነቀው በማስተዋሏ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ አንድ ጊዜ ነዳጁን፣ ሌላ ጊዜ እሳቱን ጠረጠረች፤ ሁለቱንም ለይታ አገኘች። ዛሬም መካኒክ ኮፈን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያነሳቸው ጥያቄዎች እነዚያው ሁለቱ ናቸው።

ቤንዝ የባለቤትነት ማረጋገጫውን በጠየቀበት ዓመት ሮበርት ቦሽ ሽቱትጋርት ውስጥ ትንሽ ወርክሾፕ ከፈተ። በ1887 በአንድ ቦታ ለሚቆም ሞተር ማግኔቶ ሠራ። ማግኔቶ ባትሪ አያስፈልገውም፤ ሞተሩ ራሱ ሲያዞረው ኤሌክትሪክ ያመነጫል። በ1897 የቦሽ ሰዎች መሣሪያውን በዴ ዲዮን-ቡቶን ባለ ሦስት ጎማ ላይ ገጠሙት፤ ያ ሞተር ከቀደሙት እጅግ ፈጣን ስለነበር አሮጌው ማግኔቶ እንዳለ ሊከተለው አይችልም ነበር። በ1902 ደግሞ የቦሽ መሐንዲስ ጎትሎብ ሆኖልድ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያመነጭ ማግኔቶ ከካንዴላ ጋር አቀናጅቶ አቀረበ። ዛሬ የምናውቀው ካንዴላ፣ መሐል ላይ በሸክላ የተከለለ ዘንግ፣ ጫፉ ላይ ጠባብ ክፍተት፣ ከዚያ ጀምሮ የመኪና ቋሚ አካል ሆነ። ነገር ግን ማግኔቶ አንድ የተፈጥሮ ድክመት አለው። ጉልበቱ ከፍጥነቱ ነው፤ ዙሩ ሲወርድ እሳቱም ይቀጥናል። ሞተሩን ለማስነሳት በእጅ ሲዞርና ሚኒሞ ላይ ሲቆም፣ ማለትም ጠንካራ እሳት በጣም በሚፈለግበት ሰዓት፣ ማግኔቶው በጣም የሚደክምበት ሰዓት ነው።

በ1908 የወጣው ፎርድ ሞዴል ቲ ማግኔቶውን በሞተሩ መዘውር (ፍላይዊል) ላይ አድርጎ ለአራቱ ሲሊንደሮች ቮልቴጁን ከፍ የሚያደርጉ አራት ኮይሎች በእንጨት ሳጥን ደረደረ። እያንዳንዱ ኮይል ላይ የምትርገበገብ ቀጭን ብረት አለች፤ ተራው ሲደርስ ትንጫጫና ተከታታይ ብልጭታ ትሰጣለች። አሽከርካሪው እሳቱን የሚያስቀድምበትና የሚያዘገይበት ዘንግ መሪው ሥር ነበረው። እሳቱን ሳያዘገይ ሞተሩን በእጅ ለማስነሳት የሞከረ ሰው ማዞሪያው ወደ ኋላ መትቶ ክንዱን ይሰብረው ነበር። ከዚህ መኪና ጋር የተወለደ አንድ የምርመራ ዘዴ ግን ዛሬም በሌላ መልክ ይኖራል። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ሲንገዳገድ ባለቤቱ ሳጥኑን ከፍቶ የሚርገበገቡትን ብረቶች በየተራ በጣቱ ይጫናል። አንዱን ሲጫን ሞተሩ ይበልጥ ከተንገዳገደ ያ ሲሊንደር ይሠራ ነበር ማለት ነው። ሲጫነው ምንም ለውጥ ያልታየበት ሲሊንደር ቀድሞውኑ የማይሠራው ነው። መለኪያ አያስፈልግ፣ ብር አያስወጣ፤ ጆሮና ጣት ይበቃሉ።

በዚሁ ዘመን፣ በዳግማዊ ምኒልክ የመጨረሻ የግዛት ዓመታት፣ ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ዎልስሊ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ገባ። ከተማዋ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። ከፍታው ለሞተር ምን እንደሚያመጣ ኋላ እመለስበታለሁ።

የማግኔቶውን ድክመት የፈታው ዴይተን ኦሃዮ የነበረ መሐንዲስ ነው። ቻርልስ ኬተሪንግ የገንዘብ መመዝገቢያ ማሽን በሚያመርት ኩባንያ ሲሠራ ማሽኑን በኤሌክትሪክ እንዲከፈት አድርጎ ነበር። ከሥራ ሰዓት ውጭ ደግሞ በጓደኛው ኤድዋርድ ዲድስ ግቢ ባለ ጎተራ ውስጥ ከባልደረቦቹ ጋር የመኪና ማቀጣጠያ ይሞክር ነበር። የካዲላኩ ሄንሪ ሌላንድ ሥራቸውን አይቶ አዘዛቸው፤ ዴልኮ የተባለው ድርጅትም ከዚያ ተወለደ። በ1912 የካዲላክ ሞዴል ላይ ኬተሪንግ በኤሌክትሪክ የሚያስነሳ ሞተሪኖ ጨመረ፤ ክንድ የሚሰብረው ማዞሪያ መሄጃው ደረሰ።

የኬተሪንግ ማቀጣጠያ መላው ዓለምን ለስድሳ ዓመት ያህል ስላገለገለ አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ተገቢ ነው። ከባትሪው የሚመጣው ጅረት በኮይሉ ወፍራም ሽቦ ያልፍና ኮንታክት ፖይንት በሚባሉ ሁለት ትንንሽ ብረቶች በኩል ወደ ቦዲ ይመለሳል። ብረቶቹ ተገናኝተው ሳሉ ኮይሉ ማግኔታዊ ጉልበት ያጠራቅማል። ዲስትሪቢውተሩ ውስጥ ያለው ዘንግ በጉብታው ገፍቶ ሲለያያቸው ጉልበቱ በቅጽበት ይፈርስና በቀጭኑ ሽቦ ላይ ከ15,000 እስከ 20,000 ቮልት ይወልዳል። ይህን ቮልቴጅ የሚሽከረከረው ሮተር ተቀብሎ በክዳኑ በኩል ተራው ለደረሰው ካንዴላ ያድላል። ከጎን ያለው ኮንደንሰር ብረቶቹ ሲለያዩ በመካከላቸው ቅስት እንዳይነሳ ይከላከላል። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ሚኒሞ ላይ በደቂቃ 800 ጊዜ ሲዞር ይህ ሁሉ በደቂቃ 1,600 ጊዜ ይፈጸማል። የባትሪ ማቀጣጠያ ከማግኔቶ ተቃራኒ ነው፤ በዝቅተኛ ዙር ኮይሉ ለመሙላት በቂ ጊዜ ስለሚያገኝ እሳቱ ይጠነክራል፤ የሚደክመው ዙሩ እጅግ ሲጨምር ነው። የተረጋጋ ሚኒሞ ተራ ነገር የሆነው ከዚህ በኋላ ነው።

ክፋቱ ግን የሚነካካ ብረት ያልቃል። በ1916 አካባቢ ደግሞ ሌላ ክስ መጣ፤ ሞተሮች ያንኳኳሉ፤ ጥፋቱም የኬተሪንግ ማቀጣጠያ ነው ተባለ። ኬተሪንግ ረዳቱን ቶማስ ሚድግሊን ለምርምር መደበ፤ ጥፋቱ የነዳጁ እንጂ የእሳቱ አለመሆኑ ታወቀ። በታኅሣሥ 1921 ሚድግሊ እርሳስ ያለበት ቅመም ማንኳኳቱን እንደሚያስቀር አገኘ። መዘዙ ከባድ ነበር። የሰው ልጅ እርሳስ ሲተነፍስ ኖረ፤ ካንዴላዎችም በእርሳስ ዝቃጭ እየተሸፈኑ እሳታቸው ክፍተቱን መዝለሉን ትቶ በሸክላው ላይ ያመልጥ ጀመር። ከሰሃራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ያቆሙት በ2006 መባቻ ሲሆን በዓለም የመጨረሻዋ አልጄሪያ በ2021 አቆመች።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ያሉት ሠላሳ ዓመታት የጆሮና የዓይን ምርመራ ወርቃማ ዘመን ነበሩ። የፊያት 600፣ የቮልስዋገን፣ ኋላም የላዳ ዘመን ነው። ላዳ በ1966 ሶቪየት ኅብረት ከፊያት ጋር ባደረገችው ስምምነት መነሻ ቶልያቲ ከተማ ውስጥ ከ1970 ጀምሮ የተመረተች፣ የፊያት 124 ልጅ ናት። አዲስ አበባ ውስጥ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ታክሲ ሆና ትውልድ አመላልሳለች። የእነዚህ መኪናዎች ኮንታክት ፖይንት ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ከዘንጉ ጋር የሚፋተገው ትንሽ ክፍል ሲሟሽሽ ይህ ክፍተት ይጠባል፤ ክፍተቱ ሲጠብ እሳቱ የሚነሳበት ሰዓት (ታይሚንጉ) ይዘገያል። ሾፌሩ ምንም ሳይነካ መኪናው ከወር ወር እየደከመ ይሄዳል። ብረቶቹም በአንዱ ላይ ጉድጓድ፣ በሌላው ላይ ጉብታ ያበጃሉ፤ ኮንደንሰሩ ከደከመ ቶሎ ይቃጠላሉ።

የዚያ ዘመን ጥሩ መካኒክ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነበር። አዲስ ኮንታክት ገጥሞ፣ ክፍተቱን በስስ ብረት ለክቶ፣ ሚኒሞው አሁንም ሲንገዳገድ ተስፋ አይቆርጥም። የዲስትሪቢውተሩን ዘንግ በጣቱ ይዞ ወደ ጎን ይነቀንቀዋል። ዘንጉ የተቀመጠበት ቡሽ ካለቀ ዘንጉ ይወላገዳል፤ ክፍተቱም ለአንዱ ሲሊንደር ጠባብ፣ ለሌላው ሰፊ ይሆናል፤ እሳቱ ለአንዱ ቀድሞ ለሌላው ዘግይቶ ይደርሳል። እንዲህ ያለ መኪና ኮንታክት በየሳምንቱ ቢቀየርለት ሚኒሞው አይረጋም። ስንቱ ሰው በዚህ ምክንያት ያለጥፋቱ ካርቡሬተር አስፈትቷል! ክዳኑ ውስጥ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ካለ እሳቱ በዚያ ያመልጣል። የገመዶቹ ሽፋን ካረጀ በጨለማ ኮፈን ከፍቶ ማየት ይበቃል፤ ሰማያዊ ጭላንጭል ከገመዱ ወደ ብረቱ ሲዘል ይታያል። ዝናብ በጣለ ጠዋት ብቻ የሚያስቸግር መኪናም በአብዛኛው የዚሁ በሽተኛ ነው።

ካንዴላው ራሱ ሲፈታ የሚነበብ ማስረጃ ነው። ጫፉ ፈካ ያለ ቡናማ ከሆነ ጤና ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ካለበት ነዳጅ በዝቷል ወይም እሳቱ ደካማ ነው። በዘይት ከራሰ የፒስቶን ቀለበት ወይም የቫልቭ ማኅተም አልቋል። ነጭ ሆኖ ከተኮማተረ ሞተሩ ከልክ በላይ ግሏል ወይም ነዳጅ አንሶታል። ጠርዙ ተበልቶ ከተድቦለቦለና ክፍተቱ ከሰፋ ደግሞ ዕድሜው አብቅቷል። ቀድሞ ያቆየሁት የከፍታ ነገር እዚህ ይመጣል። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር ከሚገባው በላይ ነዳጅ ይሰጣል፤ ካንዴላውን ጥላሸት ያለብሰዋል። የባሕር ማዶ መጽሐፍ ጤነኛ ሞተር ሚኒሞ ላይ ከ17 እስከ 21 ኢንች የሚደርስ ቫክዩም እንዲያሳይ ይጠይቃል፤ በየ300 ሜትር ከፍታው ግን አንድ ኢንች ያህል ይቀነሳል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ከ9 እስከ 13 ገደማ የሚያነብ ሞተር ጤነኛ ሊሆን ይችላል። መጽሐፉን ብቻ የተከተለ ሰው ያልታመመ ሞተር ይፈታል። እዚህ ላይ ከቁጥሩ ይልቅ የመርፌው መርጋት ይበልጣል፤ በተመሳሳይ ጊዜ ልዩነት ዝቅ የሚል መርፌ አንድ ሲሊንደር ወይም አንድ ቫልቭ እንደታመመ ይናገራል።

ኮንታክት ፖይንትን ከመኪና ያወጣው የአየር ብክለት ሕግ ነው። አሜሪካ ውስጥ የ1975 ሞዴል መኪናዎች ማርሚታ መስመር ላይ ጭሱን የሚያጣራ ካታሊስት መግጠም ጀመሩ። ሳይቃጠል ያመለጠ ቤንዚን ካታሊስቱ ውስጥ ሲነድ ውድ ዕቃውን ያቀልጠዋል፤ ስለዚህ በየጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትሩ የሚዛባ ማቀጣጠያ የማይታሰብ ሆነ። ክራይስለር በ1973፣ ጄኔራል ሞተርስ በ1975 ሞዴሎቻቸው ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያን መደበኛ አደረጉ። በ1979 ቦሽ ሞትሮኒክ በተባለው ሥርዓት ነዳጁንና እሳቱን በአንድ ኮምፒውተር ሥር አድርጎ በቢኤምደብልዩ 732አይ ላይ ገጠመ። ከዚያ ዲስትሪቢውተሩም ቀረ፤ ለእያንዳንዱ ካንዴላ የራሱ ኮይል ተሰጠው። ዛሬ መንገዶቻችንን የሞላችው ቶዮታ ቪትዝ የዚህ ትውልድ ናት።

ኮምፒውተሩ አንድ ነገር አቀለለ፣ አንድ ነገር ደበቀ። ያቀለለው ይህ ነው፦ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ፣ ከ2001 ጀምሮ ደግሞ በአውሮፓ አዲስ የቤንዚን መኪናዎች ላይ፣ መኪናው ሲሊንደር ሲስት ራሱ እንዲያውቅ ተገደደ። የክራንክ ሻፍቱን ፍጥነት የሚለካው ሴንሰር ከእያንዳንዱ ፍንዳታ በኋላ የሚጠበቀው ግፊት መምጣቱን ይከታተላል። ሁለተኛው ሲሊንደር ከሳተ ፒ0302፣ የተለያዩ ሲሊንደሮች ከሳቱ ፒ0300 ይመዘግባል፤ ካታሊስቱን የሚያቃጥል ደረጃ ላይ ሲደርስ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። ያን ጊዜ መንዳት ማቆም ነው። የደበቀው ደግሞ ይኸውና፦ አንዱ ሲሊንደር ሲደክም ኮምፒውተሩ አየር ጨምሮ ዙሩን ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። መርፌው 750 ላይ ቆሞ ሳለ መኪናው ይንቀጠቀጣል፤ ባለቤቱም ዙሩ ደህና ነው ብሎ ይዘናጋል።

ኮዱ ደግሞ ያመመውን ሲሊንደር እንጂ ያበላሸውን ዕቃ አይናገርም። ፒ0302 ታየ ማለት ኮይል ይገዛ ማለት አይደለም። የሁለተኛውን ኮይል ከሦስተኛው ጋር አቀያይሮ፣ ኮዱን አጥፍቶ፣ ጥቂት ነድቶ እንደገና ማንበብ ነው። ፒ0303 ከመጣ ኮይሉ ነው። ፒ0302 እንዳለ ከቆየ ካንዴላው በተመሳሳይ መንገድ ይዘዋወር። አሁንም ካልተንቀሳቀሰ ነዳጅ መርጫው፣ ኮምፕሬሽኑና ቫልቩ ይመርመሩ። ሁሉም ሲሊንደሮች በተራ የሚስቱ ከሆነና ዙሩ ከፍ ሲል መንቀጥቀጡ የሚጠፋ ከሆነ ከአየር መግቢያው በኋላ የተሰነጠቀ ቱቦ ወይም ያረጀ ጋርኒሲዮን በቅድሚያ ይፈለግ። ሚኒሞ ላይ ደህና ሆኖ ዳገት ላይ የሚስት መኪና ግን ሌላ ነው፤ ሲሊንደሩ በሙሉ ድብልቅ ሲታመቅ ካንዴላው ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይጠይቃል፤ ያረጀ ኮይል ወይም ክፍተቱ የሰፋ ካንዴላ የሚጋለጠው ያኔ ነው። እንደ ሞዴል ቲው ብረት መጫን ሁሉ የካንዴላ ገመድ በየተራ ነቅሎ ሞተሩን የማዳመጥ የድሮ ዘዴ ግን እነዚህ መኪናዎች ላይ አይሠራበት። መውጫ ያጣ እሳት ኮይሉን ወይም ኮምፒውተሩን ሊመታ ይችላል፤ ያልተቃጠለው ቤንዚንም ካታሊስቱን ይጎዳል።

ኢትዮጵያ በ2024 በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክላለች። ገብተው ያሉት ግን ገና ለብዙ ዓመታት ይነዳሉ፤ መለዋወጫቸውም በየጊዜው እየተወደደ ነው፤ አስመስለው የተሠሩ ካንዴላዎችም ገበያ ውስጥ አይጠፉም። ስለዚህ አንባቢዬ ሆይ፣ መኪናህ ሚኒሞ ላይ ሲንቀጠቀጥ ዕቃ ከመግዛትህ በፊት ካንዴላዎቹን በቅደም ተከተላቸው አስፈትተህ ጫፋቸውን በዓይንህ እይ፤ ኮይል ይቀየር ለሚልህም መጀመሪያ አቀያይረህ አሳየኝ በለው።